ከጎንደር እስከ ድብ ባሕር ፤ ስለ አረጋውያን ውሎ

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር 19 ቀን እናታችንን ወደ አገራቸው ለመመለስ ከጎንደር ተነሥተን በደባርቅ መንገድ ሄደን ነበር። ሰው አረጋዊት እናቱን ከገጠር ወደ ከተማ ያመጣል እንጂ እንዴት ከከተማ ወደ ብርድ አገር ይመልሳል ብለው የሚያዝኑብን ቢኖሩ አንፈርድባቸውም፤ እኛም ራሳችን በመንገዱ ላይ እንዲሁ እያሰብን እንሄድ ነበርና። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንናገራለን።

አባታችን በሞቱ ጊዜ እናታችን ሰባ ዓመት አልፎአቸው ነበር። ብቻቸውን በደባርቅ መቅረታቸው ነውር መስሎ ስለ ታየን ዕቃቸውን በሁለት ጆንያ አስረን ወደ ጎንደር አመጣናቸው። የራሳቸው ክፍል ሰጠናቸው፤ አልጋው የተደላደለ፣ ብርድ ልብሱ ድርብ፣ መድኃኒታቸውም በየሰዓቱ ነበረ። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን ጧት በሁለት ሰዓት ከቤት እንወጣለን፤ ባለቤታችን ወደ መሥሪያ ቤታቸው፣ ልጆቻችንም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ እናታችን ከቴሌቪዥኑ ጋራ ብቻቸውን ይውሉ ነበር። ሌባ እንዳይገባባቸው በማለትም በሩን ከውጭ እንቈልፈው ነበር። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ነገር ግን የሆነው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን መዝገብ ረስተን በእኩለ ቀን ብንመለስ እናታችን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ከብረት ፍርግርጉ ማዶ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» እያሉ ሲጠይቁ አገኘናቸው። አንዳንዱ ቆሞ ይመልስላቸዋል፤ የሚበዛው ግን ሳይሰማ ያልፋል። እኛን ባዩ ጊዜ አልደነገጡም፤ አልተቈጡምም። «ልጄ፣ ማደሪያስ ሰጠኸኝ፤ እኔ ያጣሁት መዋያ ነው» አሉን።

ይህ ቃል በልባችን ገብቶ ተቀመጠ። ቋንቋችን ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋልና። ሰው ከሰው ጋራ ሲገናኝ ጧት «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ማታም «እንደምን ዋሉ» ይላል፤ ሌሊቱንም ቀኑንም ለየብቻው ይጠይቃል። አረጋዊን በመጦር ነገር ግን ሁላችን የምናስበው ስለ ማደሩ ነው፤ ስለ አልጋው፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልብሱ። ቀኑም እንደ ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው መሆኑን ዘንግተነዋል።

ከወዳጆቻችን አንዱ እናታችንን ወደ መጦሪያ ቤት ብናስገባ እንደሚሻል መክሮን ነበር። የመጦሪያ ቤት ስም ዛሬ በአገራችን የከበረ ሆኖአል፤ ይልቁንም አቶ ብንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ ከጎዳና የወደቁትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን በብዙ ሺህ ሰብስቦ የሚያኖር ስለ ሆነ ስሙን የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ቤት ግን ጧሪ ላጣ ሰው የተሠራ ነው። ልጅ እያለን፣ ደመወዝም እያለን፣ እናታችን ገብተው የአንድ ምንዱብ አልጋ ይይዙ ዘንድ አልወደድንም። ደግሞም አንድ ነገር ትዝ አለን። በልጅነታችን ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ከደገምን በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር፣ አንዲት የውጭ አገር መምህርት እናታቸው በሽማግሎች ቤት እንደሚኖሩ ነግረውን ነበር። እኛ ልጆቹ ደንግጠን፣ እኒህ ሴት ምን ያህል ጨካኝ ቢሆኑ ነው እያልን ስንንሾካሾክ ዋልን። መምህርቲቱ ግን እናታቸውን ከውጭ አልቈለፉባቸውም ነበር።

አውቶቡሳችን ከጎንደር ወጥቶ እስከ ኮሶዬ ድረስ እናታችን አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወዲያ የደጋው ብርድ በመስኮቱ ሲገባ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ቀና አሉ። የወገራ ገብስ ታጭዶ በየማሳው ተከምሮ ነበር፤ በአንዳንዱም አውድማ በሬዎች ይዞሩ ነበር። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ከጎናቸው የተቀመጠውን ወጣት «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ከነአያቱ ስሙን በነገራቸው ጊዜ አያቱን አወቁአቸው፤ የአያቱንም ሠርግ አወቁ፤ በሠርጉ ዕለት የታረደው በሬ ገመድ በጥሶ ያደረገውን ሁሉ እስከ ገደብዬ ድረስ ሲተርኩለት ሄዱ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። እኛ ግን በጎንደር በነበሩበት ሁለት ዓመት ይህን ታሪክ ሰምተነው እንደማናውቅ አስተዋልን፤ የጠየቃቸው አልነበረምና።

ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ አውቶቡሱ ቆመ። ጊዜው አራት ሰዓት ነበር። በአንድ ረዥም ግንብ ሥር ሽማግሎች ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ፀሓይ ይሞቁ ነበር፤ ብንቈጥራቸው አሥራ አንድ ናቸው። የሚነጋገሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አውቶቡሱን ያዩታል፤ አውቶቡሱ ሲሄድም የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ።

በዚህ በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የጥናት ጣቢያ ማቋቋሙ ይታወቃል። ሥራውም በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን መመዝገብ ነው። እኛ በመዝገብ የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ሥራ እናከብረዋለን። በአገራችን በአማካይ የሚጠበቀው የሰው ዕድሜ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፎአል። ይህም በአብዛኛው የመጣው በሕፃንነት የሚሞተው ስላነሰ ነው እንጂ ሽማግሌው ሁሉ ዕድሜው እጥፍ ስለ ሆነለት አይደለም። ዳሩ ግን ያልሞተው ሕፃን አድጎ ያረጃል፤ ባረጀም ጊዜ መዋያ ይፈልጋል።

ቀድሞ የሽማግሌ ውሎ የታወቀ ነበር። ስሙ ራሱ በአንድ ወገን ዕድሜው የገፋ ሰው፣ በሌላ ወገን አስታራቂ ማለት ነው። ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ደም ሲቃባ፣ ሽማግሌ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውላል። አውድማ ይጠብቃል፤ ግልገል ያግዳል፤ የልጅ ልጁን ያጫውታል። ባልቴቲቱም ጥጥ ትፈትላለች፤ አራስ ትጠይቃለች፤ የሠርግ ጠላ ትጠምቃለች። አሁን ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ሙግቱም ከዛፍ ሥር ተነሥቶ ወደ ፍርድ ቤት መጥቶአል። ክሱን የሚጽፈው እኛ ነን፤ የሽማግሎቹን ውሎ ከወሰዱባቸው አንዱ እኛው ነን ማለት ነው።

ሕጉ አረጋውያንን አልረሳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ ይሰጥ ዘንድ ያስገድዳሉ። ቀለብ ሲባልም እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያና ልብስ ሕክምናም ይጨምራል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዝዛል። የጡረታም ዐዋጅ አለ፤ ጧሪ፣ መጦሪያና ጡረታ ሦስቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኛውን ጡረታ ያቆመው ዐዋጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ከወጣ ወዲህ፣ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኛው ቢጨመርበትም፣ ገበሬው ከዚህ ውጭ ነው። የገበሬው ጡረታ ልጁ ነው።

ስለ ቀለብ ያየነውን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ስሙን በማንጠራው አንድ ችሎት አንድ ሽማግሌ ሦስት ልጆቻቸውን ከሰሱ። ልጆቹም ክፉዎች አልነበሩም፤ ቸልተኞች ነበሩ እንጂ። ዳኛው መርምረው በየወሩ እንዲከፍሉ ፈረዱባቸው፤ እነርሱም አንድ ወር ሳያጓድሉ ከፈሉ። ሽማግሌው ግን በማግሥቱ መጥተው በችሎቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «አባቴ፣ የርስዎ ጉዳይ እኮ አልቆአል» ብንላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ የሌላውን ልስማ ብዬ ነው» አሉ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። በሳምንቱም መጡ። ቀጠሮ ሲሰጥ ጆሮአቸውን ያቀናሉ፤ ምስክር ሲሳሳት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ለምሳ ስንነሣ ይነሣሉ። የቀለቡ ፍርድ ከነአፈጻጸሙ ምንም አልጐደለውም፤ ሽማግሌው ግን መዋያ ያገኙት ከሳሽ ሆነው በመጡበት ቤት ነው። ስለዚህ ነገር የምንጠቅሰው አንቀጽ በየትኛውም ሕግ አላገኘንም።

ደባርቅ ስንገባ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2800 ሜትር በላይ ስለ ሆነ በኅዳር ፀሓይ በወጣበት ቀን እንኳ ጥላው ይቀዘቅዛል። እናታችን የቸኰሉት ለኅዳር ጽዮን ለመድረስ ነበርና በ21 ቀን በማለዳ ነጭ ለብሰው ወጡ። የነቢያት ጾም ስለ ገባ ቅዳሴው የተፈጸመው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ በደጀ ሰላሙ ያየነው ነገር ብዙ ጊዜ አይተነው የማናውቀው ነበር፤ ይኸውም በልጅነታችን ዳቦ ለመብላት እንጂ ሰው ለማየት አልሄድንበትምና ነው።

አረጋውያኑ በየወገናቸው ተቀመጡ፤ ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ፣ መነኮሳይያቱም በግንቡ ጥግ። ዳቦ ተቈረሰ፤ ቆሎ በቁና ዞረ፤ ጠላም ተቀዳ። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። የእናታችንም ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው ሳይቀመጥበት ቆይቶአቸዋል፤ «የርሳቸው ነው» እያሉ ጠብቀውላቸው ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ዐይነ ሥውር መሪጌታ ድምፅ ብቻ እየሰሙ «እገሌ ዛሬ ለምን ቀሩ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አላወቀም። ወዲያው አንድ የቆሎ ተማሪ የቀሩትን ሰው ድርሻ ዳቦ ተሰጥቶት ወደ ቤታቸው ሮጠ፤ ተመልሶም ትኩሳት ይዞአቸዋል አለ። ከባልቴቶቹም ሁለቱ ያን ጊዜውኑ ተነሥተው ሄዱ።

እንግዲህ በሠለጠኑት አገሮች የአረጋውያን መዋያ የሚባለው ቤት ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? የመጣውን ይቀበላል፤ ያበላል፤ የቀረውን ይቈጥራል። ብቻ የነርሱ በየቀኑ ነው፤ የኛ ግን የበዓል ቀን ነው። በወር ውስጥ የበዓሉ ቀን ሲያልፍ ደጀ ሰላሙ ይዘጋል፤ አረጋውያኑም በየግንቡ ሥር ይበተናሉ።

ደግሞም ደጀ ሰላም የሌላቸው አሉ። ወደ ስሜን ተራራ ያቀናችሁ እንደ ሆነ የግጭን ስም ሰምታችኋል። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ዋልያው ስላነሰ፣ እርሻውና ግጦሹ ስለ በዛ፣ በ1996 አደጋ ካለባቸው ቅርሶች ተቈጥሮ፣ በ2017 ከዚያ ስም ወጣ። ይህ የሆነው አንድም በተራራው ላይ የነበረው የግጭ መንደር በ2016 ስለ ተነሣ ነው። ከ400 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ የካሳ ገንዘብና የቤት መሥሪያ ቦታም ተሰጣቸው። ዋልያው ይኑር ብለን የምንፈርድ ሁላችን ይህን ዋጋ ማን እንደ ከፈለው ማወቅ ይገባናል።

ከግጭ ሰዎች ብዙዎቹ እስላሞች ናቸው። በሰፈራቸው ስናልፍ አንድ ሽማግሌ በቤታቸው ደጃፍ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘን፤ የሱፍ ቆብ ደፍተዋል፤ ዱላቸውም የእረኛ ዱላ ነው። ሰላምታ ሰጥተን አጠገባቸው ተቀመጥን። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ መብራትም የገባለት ነው። ልጆቻቸው በከተማው የቀን ሥራ ይሠራሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ለቱሪስቶች በቅሎ ይነዳል። «እህል አልቸገረኝም» አሉን። «ግጭ ሳለሁ በግ አልጠብቅም ነበር፤ ጉልበቴ ደክሞ ስለ ነበር። ነገር ግን ከደጄ ተቀምጬ በጉ ወዴት እንደ ሄደ እናገር ነበር። ጉም ሲመጣም ልጆቹን እጣራ ነበር። እዚህ ምን ብዬ ልጣራ?» ከዚያ በመንገዱ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለፈ። ሽማግሌው «ይህ ዛሬ አሥራ አራተኛው ነው» አሉ።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም አስበውበታል። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በቻይናዎች ሰፈር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ኦን ሎክ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። በዚያ ሰፈር የሚኖሩ ከቻይና፣ ከጣሊያንና ከፊሊፒን የመጡ ቤተ ሰቦች ወላጆቻቸውን ወደ ሩቅ መጦሪያ መስደድን እንደ ነውር ይቈጥሩት ነበር፤ ቤት ውለው እንዳይጠብቁም ሥራ አለባቸው። ስለዚህ በ1973 የመዋያ ቤት ተከፈተላቸው። ጧት መኪና ከየቤቱ ይሰበስባቸዋል፤ ሐኪሙና አስታማሚዋ በዚያው ይጐበኙአቸዋል፤ የተሳሰረ እግራቸውን ያፍታቱላቸዋል፤ የለመዱትን ምሳ ይበላሉ፤ ማታም በልጆቻቸው ቤት ያድራሉ። ነገሩም ከመጦሪያ ቤት ወጪው ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ የአሜሪካ መንግሥት በ1997 ይህንኑ ሥርዓት በሕግ አጸናው። በጃፓንም ከ2000 ጀምሮ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ለእርጅና እንክብካቤ መዋጮ ይከፍላል፤ ባረጀ ጊዜም ከሚያገኘው አገልግሎት አንዱ የቀን መዋያ ነው። በዚያም ሽማግሎቹን ሙቅ ውኃ ያጥቡአቸዋል፤ ይህን በሰማን ጊዜ በደባርቅ ብርድ ውስጥ ሆነን ቀናን።

ከዚህም የሚቀርበን ሌላ ምሳሌ አለ። በወገራና በስሜን በየመንደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፣ ማረሻችንን ይቀጠቅጡልን፣ ምጣዳችንንም ይሠሩልን የነበሩት ጎረቤቶቻችን፣ የሚበዙት በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል። በዚያ አገር ስለ አረጋውያን የወጣው የእንክብካቤ መድን ሕግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለ ዋለ፣ የቀን መዋያ ቤትም ከሕጉ ድርሻ አንዱ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የሄዱትም ሽማግሎች ከሀገራቸው ልጆች ጋራ ተሰብስበው በአማርኛና በትግርኛ እየተጨዋወቱ የሚውሉባቸው ቤቶች አሉ። የስሜን ሰው በስሜን ያጣውን መዋያ በባዕድ አገር አገኘው ማለት ነው።

በአገራችንም ሙከራ አልጠፋም። በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ ያለው፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበር፣ ሥራ የማይችሉትን አረጋውያን በአንድ ቤት ሰብስቦ ተንከባካቢ መድቦላቸዋል። መንደሩ ትንሽ ስለ ሆነ አረጋዊው ከሰፈሩ ሳይወጣ፣ ከሚያውቀውም ሰው ሳይለይ ይጦራል። ስለ ሌላው ልማዳቸው የሚከራከር አለ፤ በዚህ ነገር ግን የሚከራከራቸው ያለ አይመስለንም።

በ22 ቀን የእናታችንን ታላቅ እኅት ለመጠየቅ ወደ ድብ ባሕር ወረድን። ከደባርቅ ጥቂት እንደ ሄዱ ምድር ያልቃል፤ ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ከእግር በታች ይከፈታል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው በዚሁ ዳገት ነው። ዛሬ የምንወርድበትን ጥምዝምዝ መንገድ የሠሩት ኢጣልያኖች ናቸው፤ በዚሁ አፋፍ በወልቀፊት የነበረው ጦራቸውም በ1934 ዓ.ም. በመስከረም ወር እጁን ሰጠ። እናታችን በየመታጠፊያው ዐይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ እኛም ሾፌሩ ከጓደኛው ጋራ ሲጨዋወት ባየን ጊዜ እንዲሁ አደረግን።

ታች ሲደርሱ አየሩ ይሞቃል፤ ጋቢ ይወልቃል። አክስታችን ሰማንያ አልፎአቸዋል፤ ዐይናቸውም ከጥላ በቀር አያይም። ጎጆአቸው ደጃፍ በዛፍ ጥላ ከአንዲት ጎረቤታቸው ባልቴት ጋራ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አክስታችን በእጃቸው እየዳሰሱ ይፈትላሉ፤ ክሩ ሲበጠስ ጎረቤታቸው ይቀጥሉላቸዋል። ሁለቱ በምን እንደ ተወዳጁ ጠየቅን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በዛሪማ በኩል በመጣ ጊዜ መሮጥ የሚችለው ሁሉ ሸሸ። ያን ጊዜ ነው በወዲያ በዳባት በኩል በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች የተገደሉት። እነዚህ ሁለት ባልቴቶች ግን መሮጥ ስላልቻሉ በአንድ ጎጆ ውስጥ ተሸሽገው ቀሩ። ከዚያ በፊት በአንድ የወፍጮ ጉዳይ ተኳርፈው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። «ያን ጊዜ አብረን ካልሞትን እንግዲህ አብረን እንዋል ተባባልን» አሉን አክስታችን። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጎረቤታቸው እየመጡ በእጃቸው ይዘው ያወጡአቸዋል፤ ማታም ያስገቡአቸዋል። የሚከፍላቸው ሰው የለም። እናታችን በመካከላቸው ተቀምጠው እንዝርት ተቀበሉ፤ እስክንነሣም ድረስ ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

ወደ ደባርቅ ስንመለስ አንድ አሳብ መጣልን። አጎታችን የዕድር ዳኛ ናቸው። የዕድሩ ዕቃ ቤት ከቤታቸው ጎን ነው፤ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ ጧት ፀሓይ ያገኛል። በውስጡ ድንኳን አለ፤ አሥራ ስድስት አግዳሚ ወንበር አለ፤ መቶ የሚያህል ሳህን፣ ሲኒና ብርጭቆ አለ፤ ትልልቅ ድስትና ጀበናም አለ። ይህ ሁሉ ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ይወጣል፤ ከዚያ ተቈልፎ ይቀመጣል። በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያለውን አረጋዊ መርዳት እንደ ጀመሩ ሰምተን ነበርና ለአጎታችን ይህንኑ ነገርናቸው፤ በየቀኑ ጧት ሁለት አግዳሚ ወደ ግንቡ ሥር ቢወጣ፣ ቡናውንም አባሎች በተራ ቢያፈሉ ምን ይጐዳል? አልናቸው።

አጎታችን ጥቂት አሰቡና «ዕቃው እኮ የሞተ ሰው ነው» አሉ።

«የሞተውስ አይቀመጥበትም» አልናቸው።

«አግዳሚው ቢሰበርስ? ሲኒው ቢጠፋስ? በማን ሒሳብ ይገባል?»

ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ስለ ሆነና እኛም ሌላ ሙያ ስለ ሌለን፣ ወረቀት አውጥተን ውል ጻፍን። አረጋውያን በሚውሉበት ጊዜ ለሚሰበር አግዳሚና ለሚጠፋ ሲኒ ሁሉ የምንከፍለው እኛ እንደ ሆንን አረጋግጠን፣ በሦስት ምስክር ፊት ፈርመን ሰጠናቸው። አጎታችንም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ይህን እስክንጽፍ ድረስ ስለ አንድ አግዳሚና ስለ ዘጠኝ ሲኒ ከፍለናል።

ቅዳሜ ጧት ሁለቱ አግዳሚዎች ወጡ። አራት ሰው ብቻ መጣ፤ እነርሱም የሞተ ሰው ያለ መስሎአቸው ሊያለቅሱ የመጡ ነበሩ። ነገሩ ሲነገራቸው አንዳቸው ተቈጥተው ሄዱ፤ ሦስቱ ተቀመጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሆኑ። የግጩን ሽማግሌ ራሳችን ሄደን ጠራናቸው፤ መጥተውም መንገዱ ከሚታይበት ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። ከአንድ የቀድሞ የበግ ነጋዴ ጋራ ስለ በግ በሽታ ክርክር ገጠሙ፤ ክርክሩም ምሳ ሰዓት አልፎ አላለቀም። መሪጌታው ደግሞ በተማሪ ተመርተው መጥተው፣ የተገኙትን በድምፃቸው አንድ በአንድ ለዩአቸው።

ሰኞ ኅዳር 26 ቀን ፈቃዳችን ስላለቀ በሦስት ሰዓት በሚነሣው አውቶቡስ ወደ ጎንደር ተመለስን። መንገዱ በዕድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ ያልፋል። እናታችንን እንሰናበት ዘንድ በመስኮቱ ብቅ ብለን እጃችንን አነሣን። እርሳቸው ግን በአግዳሚው ላይ ሆነው፣ ከማዶ ቀበሌ የመጡትን አንዲት እንግዳ ባልቴት የማን ልጅ እንደ ሆኑ ይጠይቁ ነበርና ቀና ብለው አላዩንም።